ከጎኑ የተሳለው ዳኛ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በየወሩ በሚወጣ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ የመጻሕፍት ግምገማ እጽፍ ነበር። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ታሪክ የሚጽፈውም ተራ ይጠብቃል። ለእኔ የተረፈኝ ማንም ያልነካው ዘርፍ ነበር፤ ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም በስዕል የተተረከ ልቦለድ። ፈልጌ የገባሁበት አይደለም። በከተማው ምዕራብ ዳር፣ ኢቶቢኮ ውስጥ በአንድ የመጻሕፍት ማከፋፈያ መጋዘን እሠራ ነበር። ካርቶን እንከፍታለን፣ ለየመጻሕፍት መደብሩ የሚላከውን ለይተን እናሽጋለን። በጉዞ ላይ ጥጉ የታጠፈ ወይም ሽፋኑ የተቧጠጠ መጽሐፍ ለሽያጭ ስለማይሆን አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይጣላል፤ የፈለገ ሠራተኛ ይወስዳል። ሌሎቹ የምግብ አሠራሩንና የፍቅር ታሪኩን ሲሻሙ ሳጥኑ ሥር የሚቀረው በስዕል የተሠራው ነበር። እኔም የተረፈውን ይዤ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

የማነበው ባቡር ላይ ነበር። ከኢቶቢኮ እኔ እስከምኖርበት እስከ ምሥራቁ ዳንፎርዝ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ያስጨርሳል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡና ጭኔ ላይ የተዘረጋውን ስዕል ሲያዩ ቆይተው፣ «ለማን ልጅ ነው የገዛሽው?» አሉኝ። «ለራሴ ነው» ስላቸው እጄን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞሽ፣ እንግሊዝኛው ቀስ እያለ ይመጣል» ብለው አጽናኑኝ። እኔ ሰው ማስረዳት አልወድም። አመስግኛቸው ገጹን ገለጥኩ።

በዚያን ጊዜ አሳታሚዎቹ ትልልቆቹን የድሮ ልቦለዶች በስዕል ማውጣት ይዘው ነበር። የሩሲያው፣ የፈረንሳዩ፣ የእንግሊዙ፣ አንድ ክረምት ሙሉ የሚያስቀምጠው ወፍራም መጽሐፍ ሁሉ፣ ከመጋዘን ቤቴ እስክደርስ የሚያልቅ ቀጭን ቅጂ ሆኖ ይመጣል። ዋናዎቹን ያነበብኳቸው አገር ቤት፣ በአማርኛ ተተርጉመው፣ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ነው። የአንዳንዶቹን መጀመሪያ ሳላውቅ መጨረሻቸውን አውቅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ቀድመውኝ ጠፍተዋል። በስዕል የተሠሩትን ስገመግም የማጣራው አንድ ነገር ነበር፦ ሠዓሊው መጽሐፉን ይወደዋል ወይስ ይፈራዋል? የሚፈራው ሠዓሊ ደራሲው የጻፈውን ቃል በሙሉ በሳጥን በሳጥን አድርጎ ከስዕሉ በላይ ይጎስረዋል፤ ሰዎቹ ከጽሑፉ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ደንታ የሌለው ደግሞ ድብድቡንና እሳቱን ብቻ መርጦ ይስላል። የሚወደው የትኛውን ቃል መተው እንዳለበት ያውቃል። አንዱ ቅጂ ውስጥ ባልና ሚስት የሚለያዩበትን፣ በዋናው መጽሐፍ ንግግር በንግግር የሆነውን ምዕራፍ፣ ሠዓሊው ሁለት ወንበርና ማንም ያልነካው ሾርባ ብቻ አሳይቶ አልፎታል። ያን ቀን የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ሄድኩ። እንዲህ ላለው ምስጋና አልቆጥብም፤ ለሌሎቹ ግን ምላሴ አያርፍም ነበር።

አሠራሬም የራሴ ነበር። መጀመሪያ ቃሉን በአንድ ቁራጭ ካርቶን እየሸፈንኩ ስዕሉን ብቻ አያለሁ፤ ቀጥሎ ከነቃሉ አነባለሁ። በመጀመሪያው ዙር የገባኝ ታሪክ በሁለተኛው ካልተጨመረበት ቃሉ ትርፍ ነው። በመጀመሪያው ምንም ካልገባኝ ደግሞ ስዕሉ ትርፍ ነው። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፣ እስከ ዛሬም የተሻለ አላገኘሁም።

የጋዜጣው አዘጋጅ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ክሬሰንት ታውን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ላይኛው ወለል ላይ ይኖሩ ነበር። ጋዜጣውም የሚዘጋጀው እዚያው ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ጽሑፉን በኮምፒውተር ለቅመው ያትሙታል፣ በመቀስ ቆርጠው ትልቅ ወረቀት ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጽሑፌን ይዤ ስሄድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጣታቸው ሙጫ በሙጫ ሆኖ አገኛቸዋለሁ። ባለቤታቸው ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሚሠሩ ቤቱ ፀጥ ያለ ነበር።

ስለ ዘርፌ ያላቸውን አስተያየት ደብቀውኝ አያውቁም። «ልቦለድ ላይ ስዕል የሚያስፈልገው ማንበብ ለከበደው ሰው ነው» ይላሉ።

«ታዲያ ለምን ያወጡልኛል?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«ስትሰድቢያቸው ደስ ስለሚለኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አማርኛሽም አይከፋም።»

ልጃቸው ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገና መመረቋ ነው። ጋሼ ከአገር የወጡት እሷ በሦስት ዓመቷ ነው። እሷና እናቷ ቶሮንቶ የደረሱት ደግሞ አሥር ሲሞላት። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመካከላችን ስንቱ ቤት እንዲሁ ነበርና የሚገረምበት አልነበረም። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፣ ስትቸኩል ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። ዝምተኛ ነበረች። አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ እሁድ ጋሼ ከመኝታ ቤት ወረቀት ሊያመጡ ሲነሱ ልጅቷ ከኩሽና ወጥታ አንድ መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች።

«እትዬ፣ ይሄን ሪቪው አድርጊልኝ፣ ፕሊስ። እንደ ሌሎቹ። አትዘኚልኝ።»

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። ያወጣው ትንሽ ፐብሊሸር ነው።»

«አባትሽ አይተውታል?»

«ቴብሉ ላይ ካስቀመጥኩለት አንድ ወር አለፈው። አንብቦታል፣ ገጾቹ ላይ የሱ ሙጫ አለ። ግን ምንም አላለኝም። ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አላለኝም።» ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች። «ጋዜጣው ላይ ከመጣ ግን የሆነ ነገር ማለት አለበት አይደል? ምንም ይሁን፣ ጀስት አንድ ነገር ይበለኝ።»

ባቡር ላይ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የሠራችው አባቷ ለዓመታት ያስተማሩትን ልቦለድ ነበር። ርዕሱን እዚህ አልጠቅስም። በእኛ ትምህርት ቤትም ይነበብ ነበር። በአንድ አውራጃ የሚኖር ዳኛ በንጹሕ ጎረቤቱ ላይ እንዲፈርድ ከገዢው ይታዘዛል፤ አልፈርድም ይልና ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ይሰደዳል። ጋሼ ይህን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በቃላቸው የሚወጡት ሰው ናቸው። ሞቅ ሲላቸው የዳኛውን ንግግር ከወንበራቸው ተነሥተው ሲሉት ሰምቻለሁ። እንግዲህ ልጅቷ የነካችው ማንም እንዲነካባቸው የማይፈልጉትን ነገር ነው።

ካርቶኔን አውጥቼ በደንቤ መሠረት ቃሉን እየሸፈንኩ አየሁት። ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ በብሩሽ የተሠራ። ልጅቷ ቃል አታበዛም፤ ያለችውም በእንግሊዝኛ ነው። ድምፁ ግን ሁሉ አማርኛ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ በአማርኛ ይንኳኳል፣ ዝናቡም በአማርኛ ፊደል ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ዳኛው ቤቱን ጥሎ የሚወጣበት ክፍል በልቦለዱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። እሷ ረጅም ክፍል አድርጋዋለች፤ አባት ጫማውን ያስራል፣ ኩታውን ያነሣል፣ ደጁን ይሻገራል፣ ልጁ ደግሞ በእያንዳንዱ ስዕል ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። በልቦለዱ ልጅቷ ተኝታ ነበር።

ዳኛው ደግሞ ጋሼ ናቸው። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ የከንፈራቸው አያያዝ ሳይቀር እሳቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የተሳሉት ከጎናቸው ነው። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ ክፉው ገዢ እንኳ ፊት ለፊት ሲታዩ ዳኛው አንድም ጊዜ ወደ አንባቢው አይዞርም። ይህን አይቼ አደነቅኩ። «ሠዓሊዋ ዳኛውን ከጎኑ ብቻ በማሳየቷ የሚያስበውን ከእኛ ሠውራለች፤ እንደ ሚስቱና እንደ ልጁ እኛም ከአጠገቡ ሆነን እንጠብቃለን» ብዬ ጻፍኩ። ስለ አንዳንድ እጆች አሳሳል ወቀስኳት፤ ገዢውን ከመጠን በላይ አወፈረችው አልኩ። በጠቅላላው ግን ያን ዓመት ከሳጥኑ ካወጣኋቸው ሁሉ የሚበልጥ መጽሐፍ ነበርና እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ጽሑፌን ሰጠኋቸው። ጋሼ ቆመው ማንበብ ጀመሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ያኔም ዝግ ብለው፣ «ይህን አላወጣውም» አሉኝ።

«ለምን? አበዛሁት?»

«አላበዛሽውም። እውነት ነው የጻፍሽው፤ የማላወጣውም ለዚሁ ነው።»

መጽሐፉን ከጋዜጣ ክምር ሥር ስበው አወጡትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሙጫ ያለባቸው ገጾች ብዙ ነበሩ።

«አንቺ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ። «ጻድቁን እንዴት አድርገው ነው የሚስሉት? ሰማዕቱን፣ መልአኩን?»

«ፊት ለፊት» አልኩ። ይህን ስል ነገሩ ገባኝ።

«በሁለት ዓይን። ሰይጣንስ? ጌታውን የሸጠውስ? ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደርስ?»

ከጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ማንም ያገራችን ምእመን ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሕዝብ መካከል ክፉው የትኛው እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ዓይን ቆጥሮ ይነግራል። እኔም አውቀው ነበር። ነገር ግን ሰባት ስምንት ዓመት የፈረንጅ ስዕል ስገላብጥ ዓይኔ ሌላ ልማድ ይዞ ኖሯል፤ ማንም ሰው ከጎኑ ሲሳል ከጎኑ የተሳለ ሰው ብቻ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

«እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አሉ ጋሼ፣ ገጹን በጣታቸው እየነኩ። «ገዢው እንኳ፣ ያ አረመኔ፣ ሁለት ዓይን ሰጥታዋለች። ባንድ ዓይን የቀረሁት እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ ያየሁት ይህን ነው። ምን ልበላት? ፈርዳብኛለች። አፍ አውጥታ ሳትናገር የኖረችውን በስዕል ነገረችኝ። አንቺ ደግሞ እሱን ለአገር ሁሉ ልታነቢልኝ ነው።»

ሆድ ብሷቸው ነበር። ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ይጠይቋታ» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?» አሉ። «ጥፋተኛ ሰው ለምን ፈረዳችሁብኝ ብሎ ይጠይቃል?»

ወዲያው በሩ ተከፈተና ልጅቷ ከምድር ቤቱ ማጠቢያ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን መጽሐፏን አየችና ባለችበት ቆመች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ በሰው ቤት ነገር ጣልቃ የምገባ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ብወጣ ሁለቱም እስኪሞቱ እንዲህ እንደሚቆዩ ታየኝ።

«አባትሽ ዳኛው ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው ማወቅ ይፈልጋሉ» አልኳት። ጋሼ ገላመጡኝ።

«ዋት?» አለች። «ሁለት አለው እኮ። አንዱ በዚያኛው በኩል ነው።»

ስለ ግድግዳው ነገርኳት። ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ መጽሐፏን አንሥታ የማታውቀው ሰው እንደሠራው እያገላበጠች አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አላውቅም ነበር» አለች።

«ቤተ ክርስቲያን ያደግሽ ልጅ?» አሉ ጋሼ፣ ከመስኮቱ ሳይመለሱ።

«የኛ ቸርች እኮ የፈረንጆቹ ቤዝመንት ነበር፣ አባዬ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። አንድ ክሎክ ብቻ ነበር።»

ይህ እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተን ነበር የምናስቀድሰው። ጋሼ ከመስኮቱ ዞሩ።

«ታዲያ ገዢውን ፊት ለፊት ስትስዪ እኔን ለምን እንደዚህ?»

«እሱን ከጭንቅላቴ ነው የፈጠርኩት። አንተን ግን አውቅሃለሁ።» መጽሐፉን ደረቷ ላይ ያዘች። «ታሪኩን የነገርከኝ እኮ ካሩ ውስጥ ነው። ስኩል ስታደርሰኝ፣ ዊኬንድ ስትሠራ ይዘኸኝ ስትዞር። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ከጎንህ ነኝ። አንተ መንገዱን ታያለህ፣ እኔ አንተን አያለሁ። ቤት ስትመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ነህ። ፊትህን ከዚያ ሳይድ ነው የማውቀው። ፊት ለፊት ልስልህ ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም። ሌላ ሰው እየሆነብኝ ተውኩት።»

ጋሼ ጣታቸው ላይ የደረቀውን ሙጫ ይልጡ ጀመር።

«ፈረድሽብኝ ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«በምን?»

«ጥያችሁ በመሄዴ።»

አይደለም ብትላቸው ደስ እንደሚላቸው እሷም ታውቅ ነበር፤ ግን አላለችም። «አላውቅም፣ አባዬ» አለች። «ሜቢ ፈርጄብህ ሊሆን ይችላል። ስለሱ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ስዕሉ ግን እሱን አይደለም የሚለው። ስዕሉ አንተን ነው።»

ጋሼ ጽሑፌን አነሡና ለኅትመት ከሚሄደው ክምር ላይ አኖሩት። አንድም ቃል አልሰረዙም፤ በሚቀጥለው እትም እንዳለ ወጣ። መቀሱን፣ ሙጫውንና የተቆራረጠውን ወረቀት በክንዳቸው ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፉትና ከፊታቸው ያለውን ወንበር አሳዩዋት።

«እንግዲህ ተቀመጪ» አሉ። «ፊት ለፊት ሳዪኝ።»

እሷ እርሳስና ወረቀት አምጥታ ተቀመጠች። እኔም የሚበቃኝን ያህል አይቻለሁ ብዬ ኮቴን ለበስኩና በሩ ሥር ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ። ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸውም አየቻቸው። ብዙ አልቻሉም። የጫማዬን ክር አስሬ ቀና ስል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል፤ ያው ልጅቷ የምታውቀው ጎናቸው ብቻ ይታያል። ዙርልኝ አላለቻቸውም። ተነሥታ ወንበሯን ጎተተችና መስኮቱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።